አምስት ፊደላት፣ አራት አጠራር፦ አንዲት የስፔን የባሕር ዳር ከተማ በእንግሊዝኛ ስትጠራ

(ለተርጓሚዎችና ለቋንቋ ተማሪዎች የቀረበ ንግግር፤ ለንባብ እንዲመች ተስተካክሎ የተጻፈ)

እንደምን አመሻችሁ። ሰሌዳው ላይ አምስት የላቲን ፊደላት ጽፌያለሁ፤ ጄ፣ ኤ፣ ቪ፣ ኢ፣ ኤ። ቅድም ስትገቡ አንዳንዶቻችሁን «እስቲ ይህን አንብቡልኝ» ብዬ ነበር። ከፊት የተቀመጠችው እኅታችን «ጃቪያ» አለች። ከኋላ ያለው ወንድማችን «ሃቪያ ነው እንጂ» ብሎ አረማት። ስፓኒሽ የተማረ ሌላ ሰው ደግሞ ጉሮሮውን ፈተግ አድርጎ «ኻቤአ» አለ። ያነበቡት አንድ ጽሑፍ ነው። የከተማዋ ተወላጅ የሆነች አሮጊት እዚህ ብትኖር ደግሞ «ሻቢያ» ትል ነበር፤ ስትጽፈውም በኤክስ ነው የምትጀምረው።

ዛሬ የማወራችሁ ስለዚህች ከተማ ስም ነው፤ ይልቁንም እንግሊዝኛ ተናጋሪው ሲጠራት ምን እንደሚያደርግ። ጉዳዩ ጥቃቅን የሆሄያት ክርክር ሊመስል ይችላል። ለእኔ ግን እንጀራዬ ነው፤ አንድ ጊዜም ሰው አስቀይሜበታለሁ። እርሱን ወደ ኋላ እነግራችኋለሁ። ከአሁን በኋላ የምጠራቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር መሆናቸውን ልብ በሉልኝ።

መጀመሪያ ቦታውን እንወቀው። ሩጫ የምትከታተሉ ሁሉ ቫሌንሲያን ታውቋታላችሁ። ለተሰንበት ግደይ በ2020 የ5 ሺህ ሜትሩን፣ በ2021 ደግሞ የግማሽ ማራቶኑን የዓለም ክብረ ወሰን የሰበረችው እዚያ ነው። ከቫሌንሲያ ባሕሩን በግራ ይዛችሁ ወደ ደቡብ ስትወርዱ፣ ከ100 ኪሎ ሜትር ትንሽ እንዳለፋችሁ፣ 753 ሜትር ከፍታ ያለው ሞንትጎ የሚባል ተራራ ለብቻው ቆሞ ታገኙታላችሁ። ከተማዋ ከሥሩ ናት። አስተዳደሯ አሊካንቴ አውራጃ ነው። አሮጌው ሰፈር ከባሕሩ 2 ኪሎ ሜትር ያህል ገባ ብሎ ነው የተቆረቆረው፤ በዚያ ዘመን ባሕር ማለት ወንበዴ የሚመጣበት በር ነበርና። መሐል ላይ ያለው የቅዱስ በርተሎሜዎስ ቤተ ክርስቲያን ግድግዳው የምሽግ ግድግዳ ነው፤ ወንበዴ ሲመጣ ሕዝቡ የሚገባበት እርሱ ነበር። ወደ ባሕሩ ስትወጡ ወደብ አለ፣ ከወደቡ አለፍ ብሎ አሬናል የሚባለው አሸዋማ ዳርቻ አለ፤ ግራና ቀኝ ሁለት የባሕር ራሶች ወሽመጡን አቅፈውታል። ሰማዩ ጠርቶ በዋለ ቀን ከደቡባዊው ራስ ላይ ሆኖ የኢቢዛን ደሴት ማየት ይቻላል።

ዛሬ ከ25 ሺህ በላይ ነዋሪ አላት። ከዚህ ውስጥ ግማሽ ገደማው የውጭ ዜጋ ነው፤ ከውጭ ዜጎቹም እንግሊዞች ይበዛሉ። ይህን ቁጥር ያዙልኝ፤ ክርክሬ የሚቆመው በእርሱ ላይ ነው።

አሁን ወደ ድምፁ። ልጆች ሆነን ፊደል ስንቆጥር «ሃሌታው ሀ፣ ሐመሩ ሐ፣ ብዙኃኑ ኀ» እየተባልን ነው ያደግነው። በአፋችን ሦስቱ አንድ ናቸው። በግዕዝ ግን ሦስት የተለያዩ ድምፆች ነበሩ፤ ብዙኃኑ ኀ ከጉሮሮ በላይ ተፈትጎ የሚወጣ ነበር። አፉ ተለወጠ፣ ጽሕፈቱ ባለበት ቀረ። ትግርኛ ተናጋሪ ኸን ሲጠራ ብትሰሙት ያ ዓይነት ድምፅ ምን እንደሚመስል ይገባችኋል። ይህን የሚያውቅ ሰው የከተማዋን የስም ታሪክ ግማሹን አውቆታል።

በመካከለኛው ዘመን ስፔን ውስጥ ኤክስ የሚባለው ፊደል እንደ እኛ ሽ ነበር የሚነበበው። በ16ኛውና በ17ኛው መቶ ዘመን ካስቲልያኛ፣ ማለትም ዛሬ ስፓኒሽ የምንለውን ቋንቋ፣ የሚናገረው ሰው አፍ ያንን ሽ ቀስ በቀስ ወደ ኋላ ገፋው፤ ከምላስ ጫፍ ወደ ጉሮሮ። ሽ የነበረው ኸ ሆነ። ጽሕፈቱ ግን ብዙ ዘገየ፤ የስፔን ንጉሣዊ የቋንቋ አካዳሚ ለዚህ ድምፅ ኤክስን ትቶ ጄን ያጸደቀው በ1815 ነው። በምሥራቁ ጠረፍ የሚነገረው ቫሌንሲያንኛ፣ ባርሴሎና ላይ ካታላን ከሚባለው ጋር አንድ የሆነው ቋንቋ፣ በዚህ ለውጥ አልተወሰደም። ሽን እንደያዘ ነው። ስለዚህ ሻቢያና ኻቤአ የአንድ ስም ሁለት ዕድሜዎች ናቸው፤ አንዱ የቀድሞውን ድምፅ ያቆየ፣ ሌላው የተለወጠውን የተከተለ። አንዱ ትክክል ሌላው የተበላሸ አይደለም።

ይህ ለውጥ አዲስ አበባ ውስጥ በየቀኑ ይጠራል ብላችሁ ታምናላችሁ? የታክሲ ረዳቱ «ሜክሲኮ! ሜክሲኮ!» ሲል። ያ አደባባይ የተሰየመው ሜክሲኮ የጣሊያንን ወረራ ባለመቀበሏ ለውለታዋ ነው፤ እነርሱም በበኩላቸው ዋና ከተማቸው ውስጥ «ኢትዮጵያ» የሚባል የባቡር ጣቢያ አላቸው። የአገሪቱ ስም በነባሮቹ ሕዝቦች ቋንቋ መሐሉ ላይ ሽ ነበረው። ስፔኖች ሽን በዘመናቸው ልማድ በኤክስ ጻፉት። ከዚያ ሽ ወደ ኸ ሲዞር እነርሱ «ሜኺኮ» አሉ፤ ኤክሱን ግን አልለወጡትም። እንግሊዝኛ ተናጋሪው መጣና ያን ኤክስ በራሱ ልማድ «ክስ» ብሎ አነበበው። እኛም የምንለው ያንኑ ነው። ስለዚህ ረዳቱ የሚጠራው «ክስ» ሜክሲኮም ስፔንም ያልነበረ ድምፅ ነው፤ ከዓይን የመጣ እንጂ ከጆሮ የመጣ አይደለም። ማንም አልተጎዳም፣ ስሙም ስማችን ሆኗል። የውጭ ስም ብዙ ጊዜ እንዲህ ነው የሚወለደው።

እንግሊዝኛ ራሱ በጆሮ የተቀበለበት ጊዜም አለ። በደቡብ ስፔን ዛሬ «ኼሬስ» የምትባል የወይን ጠጅ ከተማ አለች። እንግሊዞች የዚያችን ከተማ ጠጅ መጠጣት የጀመሩት ስሟ ገና በሽ በሚጠራበት ዘመን ነበር። «ሼሪስ» አሉት። በኋላ የመጨረሻዋን ስ የብዙ ቁጥር ምልክት መስላቸው ጣሏትና «ሼሪ» ቀረ። እዚያው ኼሬስ ውስጥ ያንን ሽ የሚያወጣው ዛሬ ጠርሙሱ ላይ ያለው የእንግሊዝኛ ስም ነው። ይህ ነገር ሁልጊዜ ያስደንቀኛል። አንድ ሕዝብ የጣለውን ድምፅ ደንበኛው አስቀምጦለት ማግኘት!

እንግዲህ በእንግሊዝኛ ውስጥ ያለ የስፔን ቦታ ስም ሁሉ ቀን አለው ማለት ነው። እንጨት ነጋዴ ግንዱን ቆርጦ ቀለበቱን እንደሚቆጥር፣ ስሙን ቆርጣችሁ መቼ እንደገባ መቁጠር ትችላላችሁ። «ማጆርካ» የሚሉት ደሴት ጄው እንደ እኛ ይ ወይም ጅ ይነበባል፤ የቆየ፣ በእንግሊዝ አፍ የተጨመቀ ስም ነው። «ኮራና» ብለው የሚጠሯት የሰሜን ምዕራብ ወደብም እንዲሁ፤ በ1809 ከናፖሊዮን ጦር ጋር የተዋጉባት ስለሆነች በታሪካቸው ውስጥ በዚያ ስም ተተክላለች። አሁን ሰሌዳው ላይ ያለውን ስም ተመልከቱ። ያው ጄ ነው፤ ከተማውን የሚያውቅ እንግሊዝ ግን «ጃ» አይልም፣ «ሃ» ይላል። ለምን? ዘግይቶ ስለገባ ነው።

በ19ኛው መቶ ዘመን እንግሊዞች በዚያ አካባቢ ነበሩ። የሚፈልጉት ፀሐዩን ሳይሆን ዘቢቡን ነበር። ጎረቤት ያለችው ዴኒያ የዘቢብ ወደብ ነበረች፤ የእንግሊዝ ነጋዴዎች ተቀምጠውባት፣ ሲሞቱም የሚቀበሩበት የራሳቸው መቃብር ነበራቸው። ገጠሩ ውስጥ ስትዘዋወሩ ደርዘን ቅስት ያላቸው ረጃጅም በረንዳዎች ታያላችሁ፤ የአካባቢው ሰው «ሪውራው» ይላቸዋል። ዝናብ ሲያስፈራ ወይኑን ከሸምበቆ መደቡ ጋር ወደዚያ ያስገቡት ነበር። ከዚያ የወይን ሥር የሚበላው ነፍሳት መጣና ንግዱን ገደለው። ነጋዴዎቹ ሄዱ።

ቀጣዮቹ እንግሊዞች የመጡት በአውሮፕላን ነው። የአሊካንቴ አውሮፕላን ማረፊያ የተከፈተው በ1967 ነው። በዚያ ዓመት ስፔን ውስጥ የሚገዛው አምባገነኑ ጄኔራል ፍራንኮ ነበር። ቫሌንሲያንኛ በቤት፣ በገበያ፣ በዓሣ ጀልባ ላይ ይነገራል፤ በትምህርት ቤት፣ በመሥሪያ ቤትና በመንገድ ምልክት ላይ ግን ቦታ የለውም። ነገሩ ከፍራንኮም ይቀድማል፤ በ1707 ንጉሥ ፌሊፔ 5ኛ የቫሌንሲያን የራሷን ሕግጋት ከሻረ ወዲህ የመንግሥት ወረቀት ቋንቋ ካስቲልያኛ ነበር። ከአውሮፕላኑ የወረደው ጡረተኛ የመንገድ ምልክቱ ላይ፣ ካርታው ላይ፣ የቤት ውሉ ላይ ያየው አንድ ስም ብቻ ነው። ሻጩም ደላላውም በካስቲልያኛ አነበበለት። ኸ በእንግሊዝ ጉሮሮ የለም፤ ቅርቡን ሃን ወሰደ። ቪውን እንደ ፊደሉ ቪ አለው፤ ስፔኖች ግን ቪን እንደ ብ ነው የሚያነቡት። በመጀመሪያዋ ኤ ላይ ያለችውን ጭረት የእንግሊዝኛ የጽሕፈት መኪና አያውቃትም፤ ቀረች። «ሃቪያ» ተወለደች።

ስለዚህ «ሃቪያ» የእንግሊዞች ስንፍና ውጤት ናት የሚሉትን አልቀበልም። አንድ ሰው የሚያውቀው የነገሩትን ነው። እነርሱ የተነገራቸው ግን ግማሹን ነበር፤ የቀረው ግማሽ ጎረቤታቸው ጓዳ ውስጥ በሹክሹክታ ይኖር ነበር።

ፍራንኮ በ1975 ሞተ። የ1978ቱ ሕገ መንግሥት ካስቲልያኛን የአገሩ ሁሉ ቋንቋ ሲያደርግ፣ ሌሎቹ ቋንቋዎችም በየክልላቸው የሥራ ቋንቋ እንዲሆኑ ፈቀደ። ቫሌንሲያ በ1982 የራስ አስተዳደር ሕጓን፣ በ1983 ደግሞ የቋንቋ ሕጓን አወጣች። ኤክሱ ወደ መንገድ ምልክቱ ተመለሰ። ዛሬ ሁለቱ ስሞች ጎን ለጎን ይጻፋሉ። በስፔን ሁለት ቋንቋ በሚነገርባቸው አካባቢዎች ስትጓዙ ግን ከሁለቱ አንዱ በቀለም ተሰርዞ ማየታችሁ አይቀርም፤ አንዴ ይኸኛው፣ አንዴ ያኛው። ሌሊት ቀለም ይዞ የሚወጣ ሰው ጉዳዩ ሆሄ አይደለም፤ «እኔ እዚህ ነበርኩ» እያለ ነው። ናዝሬትንና አዳማን፣ ደብረ ዘይትንና ቢሾፍቱን የሚያውቅ ሰው ይህን ስሜት ሌላ ሰው ሊያስረዳው አይገባም።

ሁሉም ቦታ ግን በአንድ ሚዛን አይለካም። በዚያው አሊካንቴ አውራጃ ቤኒዶርም በሁለቱም ቋንቋ ቤኒዶርም ናት፤ ክርክር የለም። ወደ ደቡብ ወርዳችሁ ቶሬቪዬኻ ስትደርሱ ደግሞ ነባሩ ሕዝብ የሚናገረው ካስቲልያኛ ነው፤ እዚያ ሄዶ የቫሌንሲያንኛ ስም ካልተጠቀምኩ ማለት ሰውን በማያውቀው ስም መጥራት ነው። በሰሜን ምዕራብ፣ በጋሊሲያ፣ ሳንሼንሾ የምትባል የመዝናኛ ከተማ አለች። ስሟ የቅዱስ ጌኔሲዮስ ነው። ካስቲልያኛ ጸሐፊዎች ሁለቱን ሽዎች ወደ ኸ አዙረው «ሳንኼንኾ» አሏት፤ ቅዱሱ በካስቲልያኛ «ሳን ኺኔስ» መባሉን ሳያስተውሉ። ትርጉምም ያልሆነ፣ ድምፅም ያልሆነ ስም ሰጧት ማለት ነው። ጋሊሲያ በ1983 ባወጣችው ሕግ ሕጋዊ የሚሆነው የጋሊሲያኛው ስም ብቻ ነው። በዚህ ምክንያት የእንግሊዝኛው ካርታም ሁለት ኤክስ ያለበትን ስም ይዞ አንባቢውን ምላሱን ያስረዋል። እንዲህም ሆኖ ውሳኔው ትክክል ነበር ባይ ነኝ።

ከሁሉ የምወደው ግን በሰሜን ስፔን የራሳቸው ቋንቋ ያላቸውን የባስኮቹን ነው። ሳን ሴባስቲያን የሚባለው የባሕር ዳር ከተማ፣ የፊልሙ ፌስቲቫል የሚካሄድበት፣ በባስክኛ ዶኖስቲያ ይባላል። ሁለቱ ስሞች የማይተዋወቁ ይመስላሉ። ነገር ግን «ዶኔ» በጥንቱ ባስክኛ ቅዱስ ማለት ነው፤ «ዶኔ ሴባስቲያን» በአፍ እየተሸረሸረ፣ እየተሸረሸረ ዶኖስቲያ ሆነ። ሁለቱም «ቅዱስ ሴባስቲያን» ነው የሚሉት! ከተማዋ በ2016 የአውሮፓ የባህል መዲና ስትሆን ሁለቱን ስሞች አጣምራ ነው ዓመቱን የተጠራችበት። እንግሊዝኛው ጋዜጣ አሁንም ሳን ሴባስቲያን ይላል፤ ዶኖስቲያ የሚለውን አጠገቡ ሲያደርገው ግን አንድ ሙሉ ሕዝብ ወደ ዓረፍተ ነገሩ ይገባል።

አሁን ወደ ዋናው ነገሬ ልግባ። የተባበሩት መንግሥታት የመልክዓ ምድር ስሞች ባለሙያዎች ቡድን የሚባል አለው፤ የመጀመሪያው ጉባኤ በ1967 ጄኔቫ ላይ ተደረገ። እነርሱ ስሞችን ሁለት ወገን ይከፍላሉ። አንደኛውን የባለቤት ስም፣ ሁለተኛውን የእንግዳ ስም ልበለው። የባለቤት ስም ማለት በዚያው ቦታ የሥራ ቋንቋ በሆነ ወይም ሥር በሰደደ ቋንቋ የሚጠራበት ነው። የእንግዳ ስም ሩቅ ያለ ሕዝብ በራሱ ቋንቋ የሚጠራበት ነው። እኛ «ግብጽ»፣ «ግሪክ»፣ «እንግሊዝ» እንላለን፤ አያቶቻችን ስፔንን «እስፓኝ» ይሏት ነበር። ብርቱካን የምንለው ፍሬ በዐረብና በቱርክ አፍ ዞሮ የመጣ የፖርቱጋል ስም ነው። ማንም መጥቶ «ተው» ሊለን አይገባም። የእንግዳ ስም መብት ነው፤ ቋንቋ ዓለምን የሚያኖርበት የራሱ ቤት ነው። ጉባኤዎቹ የእንግዳ ስም እንዲቀንስ ቢመክሩም እኔ በዚህ ረገድ ለዘብ ያልኩ ነኝ።

ነገር ግን ቁጥሩን ያዙልኝ ብያችሁ ነበር። ግማሽ ገደማ የውጭ ዜጋ፣ ከእነርሱም የሚበዛው እንግሊዝ። ከ60 ዓመት ገደማ ወዲህ። በእንግሊዝኛ የሚታከሙ፣ በእንግሊዝኛ የሚቀድሱ፣ በእንግሊዝኛ የሚቀበሩ ሰዎች እዚያው አሉ። እንግሊዝኛ በዚያች ከተማ አሁንም እንግዳ ነው? ሥር አልሰደደም? «ሃቪያ» የሩቅ ሰው ስም ናት ወይስ የነዋሪ? ሕጉ ለዚህ የተሠራ አልመሰለኝም። ሕጉ ሲጻፍ ባለቤትና እንግዳ በመካከላቸው ድንበር ነበረ፤ እዚህ ግን በአንድ ደረጃ ወጥተው በአንድ ደረጃ የሚወርዱ ጎረቤቶች ናቸው።

የእኔ መልስ ይህ ነው። ሎንዶን ተቀምጦ ለዕረፍት ቦታ የሚመርጥ ሰው «ሃቪያ» ይበል፤ የእንግዳ መብቱ ነው። እዚያው ቤት ገዝቶ፣ ልጁን አስተምሮ፣ ለከተማው ምክር ቤት ድምፅ የሚሰጥ ሰው ግን የእንግዳን መብት ይዞ መቆየት የለበትም። የነዋሪ መብት ወስዷል፤ ከመብቱ ጋር ግዴታ ይመጣል። «ሻቢያ» ማለት ለእንግሊዝ ምላስ ከባድ አይደለም፤ ሽ አለው፣ ብ አለው። እንዲያውም ከኻቤአ ይቀለዋል! የሚያስቸግረው ዓይኑን ነው፤ ኤክስን ሲያይ «ዛቢያ» ሊል ይቃጣዋል። ዓይን ደግሞ ይማራል። አንድ ሳምንት አይፈጅበትም።

በእንግሊዝኛ የሚጽፍ ሰውስ? ኻቤአን አጥፋ አልለውም። ካስቲልያኛ እዚያ የባዕድ ቋንቋ አይደለም፤ ከሌላው የስፔን ክፍል መጥተው የሰፈሩ፣ እዚያው የተወለዱ፣ አፋቸውን በካስቲልያኛ የፈቱ ብዙ ናቸው። ስማቸውን ሊነጠቁ አይገባም። መጀመሪያ ሲጠራ ሁለቱንም ይጻፍ፣ ከዚያ አንዱን ይዞ ይቀጥል። ጭረቷንም አይጣል፤ ድምፁ የት እንደሚያርፍ የምትነግር እርሷ ናት። እኔ የማልታረቀው አንድ ሰነድ ውስጥ፣ አንድ ሰው፣ ምክንያት ሳይኖረው ሁለቱን ሲያቀያይር ነው። ለምን እንደማልታረቅ አሁን ልንገራችሁ።

ከጥቂት ዓመታት በፊት አንዲት የአዲስ አበባ ልጅ እዚያች ከተማ አንዲት ሽማግሌ እንግሊዛዊት ትንከባከብ ነበር። እናቷ ስለ ቤታቸው ጉዳይ የሚያስፈልጋቸው ወረቀት ነበርና ሁለት ሰነድ ላከች። አንዱ ከከተማው ማዘጋጃ ቤት የተሰጠ የነዋሪነት ማስረጃ፣ በኤክስ የተጻፈ። ሁለተኛው የአሠሪዋ ደብዳቤ፣ በእንግሊዝኛ፣ በጄ የተጻፈ። ሁለቱን የተረጎምኩት እኔ ነኝ። በተለያየ ቀን ነው የሠራኋቸው። በአንዱ «ሻቢያ» አልኩ። በሌላው ጄውን አይቼ ሳላመነታ «ጃቪያ» አልኩ። ማንም በዚያ ስም አይጠራትም፤ እንግሊዞቹም ጭምር። ሁለቱ አንድ ከተማ መሆናቸው አልታየኝም።

ወረቀቱ የቀረበለት መሥሪያ ቤት «ልጅቷ የምትኖረው የት ነው?» ብሎ መለሰው። እናትየው ሰነዶቹን በነጠላቸው ጫፍ ጠቅልለው ወደ እኔ መጡ። ወንበር ስቤላቸው ተቀመጡ። ትንሽ ዝም አሉና፣ «ልጄ፣ እኔ ስፔን ነው የሄደችው የተባልኩት። ሻቢያ ዘንድ ምን አገባት?» አሉኝ።

እናንተም ከመጀመሪያው ቃሉን ስጠራ ጆሯችሁ ቆም ማለቱን አይቻለሁ። ያ ቃል እኛ ዘንድ ሌላ ነገር ነው። በዐረብኛ «ሕዝባዊ» ከሚለው የመጣ የኤርትራ ግንባር መጠሪያ፣ ለስንቱ ቤት የጦርነት ዘመን ትዝታ። የእናትየው እጅ ወረቀቱ ላይ ይንቀጠቀጥ ነበር። ወረቀቱ በእኔ እጅ የተጻፈ ነው፤ በድምፁ በኩል ልክ ነበርኩ፤ ነገር ግን ሰሚው ማን እንደሆነ ሳላስብ ነው የጻፍኩት።

ያን ቀን የገባኝ ነገር ነው ለዚህ ንግግር ያመጣኝ። እንግሊዝኛ አምስቱን ፊደላት ጽፎ አፉን መደበቅ ይችላል፤ አንባቢው እንደፈለገ ያንብበው። የእኛ ፊደል ይህን አይፈቅድም። ጃ፣ ሃ፣ ኻ፣ ሻ፤ አንዱን መምረጥ ግድ ነው። አማርኛ ጸሐፊ የውጭ አገር ስም በጻፈ ቁጥር ከማን አፍ እንደተቀበለው ይታወቅበታል። «ሃቪያ» ካልኩ ከእንግሊዙ ተቀብያለሁ፣ «ኻቤአ» ካልኩ ከካስቲልያው፣ «ሻቢያ» ካልኩ ከአገሬው። «ጃቪያ» ካልኩ ከማንም አልተቀበልኩም፤ ራሴ ነኝ የፈጠርኩት። ከስፔን የሚመጣ ስም ሁሉ በእንግሊዝኛ በኩል ሲያልፍ ይህ ጥያቄ አብሮት ይመጣል፤ አብዛኞቻችን ግን እንግሊዝኛውን እንደ ንጹሕ ውኃ ቆጥረን ሳንጠይቅ እንቀዳለን።

«ሻብያ» ብዬ ቢን በሳድስ ብጽፈውስ ብዬ አስቤ ነበር። ለዓይን ይለያል፤ ለጆሮ ግን ያው ነው፤ እናትየውም ጎረቤት ሲያነብላቸው የሚሰሙ እንጂ ራሳቸው የሚያነቡ አልነበሩም። ስለዚህ ስሙን አልሸሸሁትም። ሁለቱንም ሰነዶች እንደገና ጻፍኳቸው። በሁለቱም ላይ አንድ ዓይነት አደረግኩት፤ «ሻቢያ ከተማ (በካስቲልያኛ ኻቤአ)፣ አሊካንቴ አውራጃ፣ ስፔን»። በእንግሊዝኛው ደብዳቤ ግርጌ ላይም የተርጓሚ ማስታወሻ አስገባሁ፤ አሠሪዋ የጻፉት ስምና በማዘጋጃ ቤቱ ማስረጃ ላይ ያለው ስም የአንድ ከተማ መሆኑን የሚገልጽ። ገንዘብ አልተቀበልኩም።

ከዚያ ልጅቷ ጋ ደወልንላት። እናትየው ስልኩን በሁለት እጃቸው ይዘው፣ «ያለሽበትን አገር ስም እስቲ ራስሽ በይልኝ» አሏት። ልጅቷ መጀመሪያ «ሃቪያ» አለች፤ ያሠሩዋት እመቤት የሚሉት ነው። ቀጥላ «የዳቦ ቤቷ ሴት ግን ሻቢያ ነው የምትለው» አለች። እናትየው ሁለቱንም ቀስ ብለው ደገሟቸው፤ ከዚያ ወደ እኔ ዞረው ወረቀቱን ድምፄን ከፍ አድርጌ አንድ ጊዜ እንዳነብላቸው ጠየቁኝ። አነበብኩላቸው። «ስፔን» የሚለው ላይ ስደርስ ራሳቸውን ነቀነቁ፤ ወረቀቶቹን መልሰው በነጠላቸው ጠቀለሏቸውና ወደ መሥሪያ ቤቱ ሄዱ።